የእትዬ ሙሉዬ ፏፏቴ

ዕፀገነት ወልደጻድቅ «ካልሠራ ሰኞ እገባለሁ» ብላ ለአባቷ ቃል የሰጠችው ምሳ ላይ፣ ጉርሻ አፏ ውስጥ እያለ ነበር። ጉርሻ አፉ ውስጥ እያለ ቃል የሚሰጥ ሰው መቼም ያው ነው፤ ጉርሻውንም ቃሉንም ሳያላምጥ ይውጠዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ አቶ ወልደጻድቅ ከጎንደር መጥተው ሀዋሳ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ሥራ ማለት በሩ ላይ ሰሌዳ፣ ውስጡ ማኅተም፣ ጠዋት ጠዋት የሚፈረምበት መዝገብ ያለው ቤት ነው። ልጃቸው ግን በኤሌክትሪክ ምሕንድስና በማዕረግ ተመርቃ ስታበቃ፣ ፒያሳ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ወርክሾፕ ውስጥ ገብታ ይኸው ሁለት ዓመቷ። ሰው «ዕፀገነት ምን ያዘች?» ብሎ ሲጠይቃቸው አቶ ወልደጻድቅ መነጽራቸውን አውልቀው «እዚያ ፒያሳ አንድ ነገር ትነካካለች» ይላሉ። ትነካካለች! ስድብ ቢሆን እኮ ይሻል ነበር፤ ስድብ እንኳ መልስ አለው።

ያን ዕለት ደግሞ የምሥራች ይዘው ገቡ። የድሮ ተማሪያቸው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኃላፊ ሆኗል፤ መዝገብ ቤት ቦታ ይዞላታል፤ ሰኞ ትጀምራለች። አለቀ፣ ደቀቀ። ዕፀገነት አቧራ የጠጣ ፋይል ስታገላብጥ ጡረታዋ ሲደርስ በዓይነ ሕሊናዋ ታያት።

«አባባ፣ ቅዳሜ ሐይቅ ዳር የሠራነው ነገር ይመረቃል። መጥተው በዓይንዎ ይዩት። ከዚያ ይፍረዱ።»

«ባይሠራስ?»

«ካልሠራ ሰኞ እገባለሁ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

አቶ ወልደጻድቅ ሱፋቸው ለቅዳሜ እንዲተኮስ አዘው ወደ ምሳቸው ተመለሱ።

አሁን ሥራዋ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እኔም ሲነገረኝ ሦስት ጊዜ አስደግሜ ነው የገባኝ፣ አትፍረዱብኝ። ቺፕ የሚባል ነገር አለ፤ ጥፍር ቢያክል ነው። እነ ዕፀገነት የሚጠቀሙበት ዓይነቱ ሲገዛ ባዶ ነው፤ ምንም አያውቅም። ኮድ ይጻፍለታል፤ መብራት ተቆጣጠር ቢሉት መብራት፣ ፓምፕ ተቆጣጠር ቢሉት ፓምፕ ይቆጣጠራል። ኮዱ የሚጻፈው ቁራጭ በቁራጭ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ስም አለው። ቁራጮቹ የሚቀመጡበትን ላይብረሪ ይሉታል፤ እኛ ቤት እንበለው። ጉዱ ታዲያ እዚህ ላይ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ቁራጮች አንድ ስም ይዘው ከተገኙ፣ ኋላ የገባው የፊተኛውን አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል። ጠብ የለ፣ ጩኸት የለ። ኮምፒውተሩም «ኧረ ይሄ ቦታ ሰው ነበረበት» አይልም። ዝም ነው።

ኢንጂነሮች ደግሞ ስም ማውጣት ላይ ሰነፎች ናቸው። የሚቆጥር ነገር የሠራ ሁሉ «ቆጣሪ» ይለዋል፣ በቃ። በዓለም ላይ ስንት ሺ «ቆጣሪ» እንዳለ እሱ ፈጣሪ ይወቀው። ዓምና የዕፀገነት ቆጣሪና የአለቃዋ የኤርሚያስ ቆጣሪ አንድ ቤት ውስጥ ተገናኝተው፣ የአንድ ደንበኛ ወፍጮ ያለ እህል ቀኑን ሙሉ ሲሽከረከር ዋለ። ኤርሚያስ ያን ጊዜ ተናዶ ሕግ አወጣ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ሰው ኮዱን በአባቱ ስም በተሰየመ ቤት ውስጥ ያስቀምጣል! የእኔ ቤት ወልደአማኑኤል፣ ያንቺ ቤት ወልደጻድቅ። እኛ አገር ሰው የሚለየው በአባቱ አይደል እንዴ? አንድ ክፍል ውስጥ ሙሉ የሚባሉ አምስት ልጆች ቢኖሩ መምህሩ እንዴት ነው የሚጠራቸው?»

እውነቱን ነው። ሕጉ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በወልደአማኑኤል ቤት ያለው ቆጣሪና በወልደጻድቅ ቤት ያለው ቆጣሪ ዓመቱን ሙሉ ሳይነካኩ ኖሩ። ኤርሚያስም ሕገ መንግሥት ያረቀቀ ያህል ደረቱን ነፋ።

ከሁለት ወር በፊት ደግሞ የዕፀገነት ታናሽ ወንድም በርናባስ ተመረቀና እዚያው ተቀጠረ። አቶ ወልደጻድቅ «አንቺን መልሶ እንዲያመጣልኝ ልኬው እሱንም አስቀረሽብኝ» ብለው ሦስት ቀን አኮረፉ። በርናባስ በገባ ዕለት ኤርሚያስ ወደ ግድግዳው ጠቆመውና «ሕጉን አንብብ» አለው። በርናባስ አነበበ። «እሺ» አለ። ታዛዥ ልጅ ነው፤ የታዘዘውን አንድ ሳያጓድል ፈጸመ።

የእህትና የወንድም ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ። እነዚህ ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ብርጭቆ ሲሰበር አንዱ «እሷ ናት» ሲል ሌላዋ «እሱ ነው» እያለች ያደጉ ናቸው። አድገውም አልተዋቸው። ወርክሾፑ ውስጥ ጀርባና ጀርባ ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ኮድ አያይም፣ ቢያይም አያደንቅም።

ቅዳሜ የሚመረቀው ሥራ የእትዬ ሙሉዬ ነው። እትዬ ሙሉዬ ከትንሽ ሱቅ ተነስተው ሐይቅ ዳር ሆቴል የከፈቱ፣ ሲናገሩ ከወዲያ ማዶ የሚሰሙ ሴት ናቸው። ልጃቸውን ወንጌላዊትን በሆቴላቸው ግቢ ሲድሩ፣ መሐል ላይ የሚጨፍር ፏፏቴ እንዲኖር ፈለጉ። ዐሥራ ሁለት ትናንሽ የውሃ ቧንቧ ዙሪያውን፣ አንድ ትልቅ መሐል ላይ፣ ከሥር ባለቀለም መብራት።

«ትልቁ ሙሽሮቹ ሲያልፉ አንዴ ሽቅብ ይውጣ» ብለው ኤርሚያስን አስጠንቅቀውታል። «አንዴ ብያለሁ! ሁለተኛ ከወጣ ልጄ በሦስት ሜትር ቬሎ ትዋኛለች፤ አንተን ደግሞ እኔ ነኝ የማዋኝህ።»

ሥራው ለሁለት ተከፈለ። ውሃው ለዕፀገነት፣ መብራቱ ለበርናባስ። ዕፀገነት ለትልቁ ቧንቧ አንድ ቁራጭ ጻፈች፤ ዐሥር ድረስ ይቆጥራል፣ ዐሥር ሲሞላ ውሃውን ዘግቶ እዚያው ይቆማል፤ ንቅንቅ የለም። በርናባስ ለመብራቱ አንድ ቁራጭ ጻፈ፤ ዐሥር ድረስ ይቆጥራል፣ ዐሥር ሲሞላ ቀለም ለውጦ እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ ማቆም የለም። ሁለቱም ቁራጫቸውን ምን ብለው እንደሰየሙት ልንገራችሁ ወይስ ገምታችሁታል?

ዓርብ ከሰዓት ለሙከራ ሐይቅ ዳር ሄዱ። የሁለቱ ኮድ የኤርሚያስ ላፕቶፕ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኘ። ቺፑ ላይ ለመጫን ስምንት ደቂቃ ይፈጃል፤ ስምንቱን ደቂቃ እትዬ ሙሉዬ ጠዋት የተሠሩትን ፀጉር በእጃቸው እየደገፉ ከፏፏቴው ጠርዝ ቆመው ጠበቁ።

ጀመረ። መብራቱ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ ሲዞር አቤት ማማሩ! ትንንሾቹ ቧንቧዎች ተነሱ። ከዚያ ትልቁ ሽቅብ ተምዘገዘገ፤ ወረደ። እትዬ ሙሉዬ አጨበጨቡ። እጃቸውን ሳያወርዱ ትልቁ እንደገና ወጣ። ወረደ። ወጣ። ሦስተኛው ላይ ከሐይቁ ነፋስ መጣና ውሃውን አቅጣጫ አሲዞ እትዬ ሙሉዬ ላይ ገለበጠው። አጥሩ ላይ ተኮልኩለው ዓሣ ይለቀም እንደሆነ የሚጠብቁት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ እንኳ ደንግጠው ተነሱ።

«ዝጉት! ዝጉት ይሄን ሰይጣን!» እትዬ ሙሉዬ ናቸው። ፀጉራቸው ግንባራቸው ላይ ተለጥፎ አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። በዚያች በአንዷ ዓይን ግን ኤርሚያስን በደንብ አዩት።

ኤርሚያስ ወደ ዕፀገነት ዞረ። ዕፀገነት የራሷን ላፕቶፕ ከፍታ አሳየችው። «ተመልከት፣ እኔ ጋ አንዴ ወጥቶ ይቆማል። የእኔ ኮድ ንጹሕ ነው። ቆይ፣ እንደገና ላስገባው።» የራሷን ፋይል ኤርሚያስ ላፕቶፕ ላይ ዳግመኛ አስገባች። ስምንት ደቂቃ ተጠበቀ። ትልቁ ቧንቧ አንዴ ወጣ፣ ወረደ፣ ተኛ። እልል ልትል አፏን ስትከፍት መብራቱ ቀይ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ቀይ፤ ሌላ ምንም የለም። ግቢው ሥጋ ቤት መሰለ።

«ምን አድርገሽው ነው መብራቴን?» አለ በርናባስ።

«እኔ መብራትህን አልነካሁም!»

«እኔ ጋ ይሠራል! ዘወር በይ።» የራሱን ፋይል እንደገና አስገባ። ስምንት ደቂቃ። መብራቱ ዘፈነ፤ ትልቁ ቧንቧ እንደ እብድ ወጣ ገባ ማለት ጀመረ።

«አየኸው? አየኸው? ውሃዬን ያበላሸው እሱ ነው!»

«እሷ ናት!»

«እሱ ነው!»

እሷ ስታስገባ መብራቱ ይሞታል፤ እሱ ሲያስገባ ውሃው ያብዳል። አምስት ጊዜ ሞከሩ፤ አምስቱንም ጊዜ ያው ነው። ዕፀገነት ወንድሟ ሆን ብሎ እያደናቀፋት እንደሆነ ማመን ጀመረች። ምን አለበት፣ እሱ ሰኞ መዝገብ ቤት አይገባ! በርናባስ ደግሞ በልቡ «ይቺ ልጅ አባታችን ፊት ብቻዋን ልትመሰገን ነው» አለ። ወደ ቤት ሲመለሱ አንድ ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ በግራ አንዷ በቀኝ ወደ ውጭ እያዩ ሄዱ። አቶ ወልደጻድቅ በር ላይ ተቀብለው «እንዴት ዋላችሁ?» ቢሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ «ጥሩ» አሉ። በዓመት አንዴ የተስማሙት በዚህች ውሸት ነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ጀምሮ እንደገና ሐይቅ ዳር ናቸው። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወንበሩ ነጭ ጨርቅ ለብሷል፣ ከኩሽና የጥብስ ሽታ ይመጣል። ሙሽሮቹ ሰባት ሰዓት ላይ ይገባሉ። እህትና ወንድም ከፓምፕ ቤቱ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ይሻማሉ። ኤርሚያስ በእትዬ ሙሉዬ ዓይን ላለመግባት ፓምፕ ቤቱ ውስጥ ተደብቆ በመስኮት ያዛል። ዕፀገነት ኮዷን መስመር በመስመር ሠላሳ ጊዜ አንብባዋለች። ስሕተት የለበትም። እኮ ስሕተት ስለሌለበት ነው የሚያሳብደው! ስሕተት ቢኖርበት ታርመው ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ አቶ ወልደጻድቅ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አጥብቀው፣ ሳይጠሩ ከሚመጡት እንግዶች ሁሉ ቀድመው ደረሱ። ልጆቻቸውን ያገኟቸው የላፕቶፑን ገመድ ግራና ቀኝ ይዘው ሲጓተቱ ነው።

«የአንተ ነው ያበላሸው! ያንተን አውጣልኝና የእኔ ብቻውን ይሥራ!»

«የአንቺን አውጪ! የአንቺ ነው የገዛ ቤቴ ገብቶ መብራቴን የሚገድለው!»

«ዝም በሉ!»

ሠላሳ አራት ዓመት ሰባ ተማሪ ያለው ክፍል ዝም ያሰኘ ድምፅ ነው። ሁለቱም ገመዱን ለቀቁ። ወንበር የሚደረድሩት አስተናጋጆች እንኳ ቆሙ። ኤርሚያስ ራሱን ከመስኮቱ አወረደ።

«አታፍሩም? በሰው ሠርግ? ‹የእሱ ነው፣ የእሷ ነው› ትላላችሁ? ስሙኝ። ከሁለት አንዳችሁ ያጠፋችሁ ጊዜ ሰው ‹በርናባስ አጠፋ› ይላል? ‹ዕፀገነት አጠፋች› ይላል? አይልም! ‹የወልደጻድቅ ልጅ› ነው የሚለው! የሚጠራው የእኔ ስም ነው። ማንኛችሁ እንደሆናችሁ ማን ይለየዋል? ማን ይለየዋል እኮ ነው የምለው!»

በርናባስ አንገቱን ደፋ። ዕፀገነት ግን አልደፋችም። አፏን ከፍታ አባቷን ታያቸዋለች፤ ፊቷ ላይ ያለው ግን እፍረት አይደለም።

«አባባ፣ እስቲ ይድገሙት።»

«ምን?»

«አሁን ያሉትን። የመጨረሻውን።»

«ትቀልጂብኛለሽ?»

«በእግዚአብሔር አልቀልድም! ይድገሙት!»

«ማንኛችሁ እንደሆናችሁ ማን ይለየዋል ነው ያልኩት» አሉ አቶ ወልደጻድቅ፣ ንዴታቸው ግራ መጋባት እየቀላቀለ።

ዕፀገነት ወደ ወንድሟ ዞረች። «በርኒ፣ ኮድህን ያስቀመጥክበት ቤት ስሙ ማን ነው?»

«እንዴ፣ ሕጉ እንደሚለው ነዋ። በአባቴ ስም። ወልደጻድቅ።»

«የእኔስ?»

«ያንቺማ …» አለና በርናባስ ቆመ። ቀስ ብሎ ወደ አባቱ፣ ከዚያ ወደ እህቱ፣ ከዚያ ወደ ላፕቶፑ አየ። «ወይኔ ጉዴ!»

«ቆጣሪህንስ ምን ብለኸዋል?»

«ቆጣሪ።»

«እኔም!»

በአንድ ቤት፣ በአንድ ስም፣ ሁለት ቆጣሪ። ኋላ የገባው የፊተኛውን እያስወጣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጫወትባቸው ኖሯል። እሷ ስታስገባ የእሷ ቆሞ ቀሪ ቆጣሪ መብራቱ ላይ ይቀመጣል፤ እሱ ሲያስገባ የእሱ ዟሪ ቆጣሪ ውሃው ላይ ይቀመጣል። ማንም ማንንም አላበላሸም። ዕፀገነት ሳቋ መጣ፤ ወንድሟን ስንት ክፉ ነገር እንዳሰበችበት ሲታወሳት ደግሞ ሳቋ መልሶ ጠፋ።

ኤርሚያስ ከፓምፕ ቤቱ ወጥቶ ራሱን ያዘ። «እህትና ወንድም ይቀጠራሉ ብዬ አላሰብኩም! በአባት ስም ሰው ይለያል ብዬ …»

«ወንድማማች በአባት ስም ተለይቶ ያውቃል?» አሉ አቶ ወልደጻድቅ። ነገሩ ገና ግማሹ ነው የገባቸው፤ የገባቸው ግማሽ ግን አናዷቸዋል። «መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ ሲያጋጥም እኔ ምን አደርግ ነበር መሰለህ?»

«የአያት ስም እንጨምርበት!» አለ በርናባስ በደስታ።

«የአያታችሁ ስም ሁለት ነው እንዴ?» አሉት።

«ሙሉ ስም» አለች ዕፀገነት፣ እጇ ቀድሞ ላፕቶፑ ላይ አርፏል። «ቤቱ የሰውየው ስም ከነአባቱ ይሁን። ዕፀገነት ወልደጻድቅ፣ በርናባስ ወልደጻድቅ። ነገ ዘመድ ቢመጣም አይጋጭም።»

ይህን ማለት ቀላል ነው። አሮጌው ቤት በኮዱ ውስጥ አርባ አንድ ቦታ ላይ ተጠርቷል፤ አርባ አንዱም መለወጥ አለበት። አንዷ ካመለጠች አሮጌው ቤት ሄዳ ያንኑ የተምታታ ቆጣሪ ይዛ ትመጣለች። ሰዓቱ ስድስት ከሃያ አምስት ሆኗል፤ ቺፑም ስምንት ደቂቃውን ይፈልጋል። እሷና በርናባስ ተቀመጡ። አንዱ ይጠራል አንዷ ትጽፋለች፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ተስማምተው አንድ ነገር ሲሠሩ አባታቸው ያዩበት የመጀመሪያው ቀን ይህ ነው። አቶ ወልደጻድቅም ዝም ብለው ቆመው ማየት አቃታቸው፤ ወንበር ስበው ከመሐላቸው ገቡ።

«አርባ አንድ ነው ያላችሁት?»

«አዎ አባባ።»

«አንብቡልኝ። እኔ እቆጥራለሁ።»

የኮዱ ቋንቋ አልገባቸውም፤ የልጆቻቸው ስም ግን ይገባቸዋል። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው፣ የፈተና ወረቀት እንደሚያርሙ መስመር በመስመር ወረዱ። ዕፀገነት «ጨረስን፣ ጫነው» ብላ ለበርናባስ ስትነግረው እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ ጣል አደረጉ።

«አርባ ነው።»

«ምን?»

«አርባ ነው የቆጠርኩት። አንድ ይጎድላል። ከላይ እንጀምር።»

«አባባ፣ ጊዜ የለንም!»

«ከላይ!»

ከላይ ጀመሩ። ሃያ ዘጠነኛዋ ላይ የአቶ ወልደጻድቅ ጣት ቆመ። እዚያ ስም የሌለው፣ አባት ብቻ ያለው ቤት አለ። «ይቺ ማናት?» አሉ። ዕፀገነት ጎንበስ ብላ አየች። የትልቁ ቧንቧ መስመር ነች። ለወጠቻት። አሮጌውን ቤትም ከነአካቴው ደመሰሰችው።

ስምንቱ ደቂቃ ሊያልቅ ሁለት ሲቀረው ከመንገድ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሙሽሮቹ ቀድመው መጡ፤ አንዳንድ ሙሽራ ደግሞ ይቀድማል፣ ምን ይደረጋል! እትዬ ሙሉዬ ጃንጥላ ዘርግተው እየተንደረደሩ መጡ።

«ኤርሚያስ! እውነቱን ንገረኝ፤ ትልቁ አንዴ ነው የሚወጣው?»

ኤርሚያስ ሰዓቱን አየ። ሙከራ አላደረጉም፤ ጊዜ የለም። «እትዬ ሙሉዬ፣ ምናልባት ትልቁን ዘግተን ትንንሾቹን ብቻ ብንለቅ? ማንም አይረጥብም …»

ዕፀገነት ሰማችው። ትልቁ ከተዘጋ ማንም አይረጥብም፤ ማንም አይቆጣም፤ እሷም ሰኞ መዝገብ ቤት ትገባለች። ሙሽራዋ ከተነከረች ደግሞ መዝገብ ቤትም የሚቀበላት አይመስላትም፤ ከተማው ሁሉ ያወራዋል።

«አይዘጋም» አለች። «ሁሉም ይከፈት።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ኤርሚያስ።

ዕፀገነት መልስ ከመስጠቷ በፊት አቶ ወልደጻድቅ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ «አርመነዋል» አሉት። አርመነዋል! ዕፀገነት ይህን ቃል የሰማችው ዘግይታ ነው፤ እጇ ግን ቁልፉን ቀድሞ ተጫነው።

ወንጌላዊት በቬሎዋ፣ ሙሽራው በሱፉ፣ ሚዜዎች ከኋላ እየጨፈሩ ገቡ። ትንንሾቹ ቧንቧዎች ግራና ቀኝ ጎንበስ ቀና አሉ። መብራቱ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ ዞረ። ሙሽሮቹ ከፏፏቴው ፊት ሲደርሱ ትልቁ ተነሳ። ከዘንባባዎቹ በላይ ወጣ፣ ፀሐይ አገኘው፣ ወረደ። ሕዝቡ እልል አለ። ከፓምፕ ቤቱ ጎን ያሉት ሦስቱ ወልደጻድቆች ግን እልል አላሉም፤ ከንፈራቸው ነው የሚንቀሳቀሰው። አንድ። ሁለት። ሦስት። ወንጌላዊት ለፎቶ ቆማለች፤ ከፏፏቴው አንድ እርምጃ ላይ። ስምንት። ዘጠኝ። ዐሥር። በርናባስ ዓይኑን ጨፈነ። ዐሥራ አንድ። ዐሥራ ሁለት። አቶ ወልደጻድቅ ለእርግጠኝነት እስከ ሃያ ቆጠሩ።

ውሃው እንደተኛ ነው። መብራቱ ይዘፍናል።

እትዬ ሙሉዬ ጃንጥላቸውን ዘጉና የሁሉንም እልልታ የሚያስንቅ እልልታ ለቀቁ። በርናባስ እህቱን አቅፎ አነሳት፤ «አውርደኝ፣ የማትረባ!» አለችው እያለቀሰች። ኤርሚያስ ወንበር ላይ ዘፍ አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ አምሮት «ጥብስ የለም ወይ?» አለ።

አቶ ወልደጻድቅ ግን እዚያ አልነበሩም። ዕፀገነት ዞር ስትል ወደ ሐይቁ በሚያወርደው ደረጃ ላይ ቆመው ስልካቸውን ከዓይናቸው አርቀው ቁጥር ሲፈልጉ አየቻቸው። ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። ስልክ ሲያወሩ ይጮኻሉ፤ ማዶው ሩቅ ስለሆነ ድምፅ ማገዝ ያለባቸው ይመስላቸዋል።

«ሃሎ! ደኅና ነህ ልጄ? ስለ ሰኞው ነገር ነበር። አይ፣ አትመጣም። እግዜር ይስጥልኝ፣ ቦታውን ለሌላ ልጅ ስጥልኝ።» አዳመጡ። «የለም፣ አልታመመችም። ሥራ አላት።»

ዕፀገነት የደረጃውን ብረት ያዘች።

«እ? ምን ሥራ?» አሉ አቶ ወልደጻድቅ፣ ወደ ፏፏቴው ቀና ብለው። የሚያብራሩ ያህል አፋቸውን ከፈቱ፣ ቃል ፈለጉ፣ አጡ። ሠላሳ አራት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው አንድ ቀን እንኳ ቃል ያላጡ ሰው ናቸው።

«እኔ ገና ዛሬ መማሬ ነው፤ እሷ ታስረዳህ» አሉና ስልኩን ለልጃቸው ዘረጉላት። «እንኪ፣ ንገሪው። ሳትቸኩዪ፤ እኔም እሰማለሁ።»

ዕፀገነት ስልኩን ተቀበለች። ሃሎ ከማለቷ በፊት ግን አባቷም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገችው።